የተወጋም ሲረሳ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላሉ አበው። አባባሉ የሚያጽናና ነው፤ በዳዩ ቢዘነጋ እንኳ ተበዳዩ የራሱ ምስክር ሆኖ ይቀራልና። ይሁን እንጂ አበው ያላነሡት አንድ ነገር አለ። የተወጋውም እንዲረሳ ቢደረግስ? ያን ጊዜ ነገሩን ማን ይይዘዋል? ይህ ጥያቄ ባልተጠበቀ ስፍራ፣ በ1960ዎቹ አሜሪካ ከሰዓት በኋላ ይታይ በነበረ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ዙሪያ ተነሥቶ ነበር፤ ድራማው ካበቃ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ክርክሩ አልበረደም። ልብ ወለድን የምንወድ ሰዎች ስለ ገጸ ባሕርያት ስንሟገት በእርግጥ ስለ ምን እንደምንሟገት ስለሚያሳይ፣ ታሪኩ ቢነገር ደግ ነው።

ድራማው «ዳርክ ሻዶውስ» ይባላል፤ «ጽልመታዊ ጥላዎች» ልንለው እንችላለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኤቢሲ የተባለው ጣቢያ ከጁን 27 ቀን 1966 እስከ ኤፕሪል 2 ቀን 1971 ድረስ በሥራ ቀናት ግማሽ ግማሽ ሰዓት እያስተላለፈው 1,225 ክፍሎች ታይተዋል። የሐሳቡ አመንጪ ዳን ከርቲስ በባቡር የምትጓዝ አንዲት ወጣት በሕልሙ አይቶ እንደ ጀመረው ይናገር ነበር። ያቺ ወጣት በድራማው ቪክቶሪያ ዊንተርስ ሆነች። ወላጆቿን የማታውቅ ናት፤ በሜይን ግዛት የባሕር ጠረፍ ላይ ወደምትገኝ ኮሊንስፖርት የተባለች የምናብ ከተማ ትሄዳለች፤ ኮሊንውድ በተባለው ታላቅ ቤት ዴቪድ የሚባል ልጅ ልታስተምር ተቀጥራለች።

መጀመሪያ ላይ ድራማው ስለ አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ የተሰወረ ጉድ የሚተርክ ነበር። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ግን ሙታን መታየት ጀመሩ። ከእነርሱ ሁሉ ተመልካቹ ቀድሞ የወደዳት ጆዜትን ነው። ጆዜት ከብዙ ዘመን በፊት ራሷን ከገደል አፋፍ የወረወረች ሙሽራ ነበረች፤ በአሮጌው ቤት ከተሰቀለው ሥዕሏ እየወጣች ቪክቶሪያንና ሕፃኑን ዴቪድን ከአደጋ ትጠብቃለች። በዚያ ዘመን በተነገረው መሠረት ጆዜት በ1830ዎቹ የኖረች፣ ከፓሪስ የመጣች፣ ኮሊንውድን የሠራው የጀርማያ ኮሊንስ ሚስት ናት። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የተመልካቹ ቁጥር ግን አልበቃም። በኤፕሪል 1967 ዊሊ ሉሚስ የሚባል አንድ ወሮበላ ጌጣጌጥ አገኛለሁ ብሎ በሰንሰለት የታሰረ የሬሳ ሣጥን ከፈተ፤ ከውስጥ የወጣ እጅ ጉሮሮውን አነቀው። በማግሥቱ አንድ ጨዋ ሰው ካባ ለብሶ፣ በትር ይዞ የኮሊንውድን በር አንኳኳ። ስሙ ባርናባስ ኮሊንስ ነው፤ ከእንግሊዝ አገር የመጣሁ ዘመዳችሁ ነኝ አለ። በእርግጥ ግን ሰው ቫምፓየር የሚለው ደም መጣጭ ሙት ነበር። በካናዳ የተወለደውና በሼክስፒር ተውኔቶች የተፈተነው ተዋናይ ጆናታን ፍሪድ ሚናውን የተረከበው ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ ባርናባስ ከዚያ በኋላ ተገድሎ እንዲወጣ ታስቦ ነበር። ነገር ግን የተመልካች ደብዳቤ እንደ ጎርፍ መጣ፤ ልጆች ከትምህርት ቤት እየሮጡ ወደ ቤታቸው መግባት ያዙ። ስለዚህ ባርናባስ አልተገደለም።

ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ባርናባስ በእነዚያ የመጀመሪያ ወራት ያደረገው ቀላል አልነበረም። ማጊ ኢቫንስ የምትባለውን ደግ የምግብ ቤት አስተናጋጅ ሰርቆ ወሰዳት፤ የጆዜትን የሙሽራ ልብስ አለበሳት፤ የጆዜትን የሙዚቃ ሣጥን ደጋግሞ እያሰማ ማንነቷን አስጥሎ ጆዜት ሊያደርጋት ሞከረ። እምቢ ስትል አሰራት፤ ሊገድላትም ተነሣ። ያመለጠችው የገዛ እኅቱ የትንሿ የሣራ መንፈስ መውጫውን ስለ ጠቆመቻት ነው። ማጊ አእምሮዋ ታውኮ ሕክምና ገባች። ሐኪሟ ዶክተር ጁሊያ ሆፍማን የበሽተኛዋን ምስጢር ተከትላ ባርናባስ ዘንድ ደረሰች፤ ይሁንና አላጋለጠችውም። ላድንህ እችላለሁ አለችው፤ ቀስ በቀስም ወደደችው። ማጊ ማስታወስ ስትጀምር፣ ጁሊያ የሚያብረቀርቅ ሜዳሊያ በዓይኗ ፊት እያወዛወዘች ያየችውን ሁሉ ከልቧ ፋቀችባት። በሕክምና ስም የተፈጸመ አፍዝ አደንግዝ ነበር። እውነቱን የደረሰበት ዶክተር ዉዳርድም በሁለቱ ሤራ፣ ጁሊያ ባዘጋጀችው መርፌ ተገደለ።

ከዚያ በኋላ ድራማው ፊቱን አዞረ። በኖቬምበር 1967 ቪክቶሪያ ሙታን ሲጠሩ በተቀመጠችበት ወደ 1795 ተወሰደች፤ ተመልካቹም ባርናባስ ሰው ሳለ ምን ይመስል እንደ ነበር አየ። ፍቅረኛ ነበር። የጆዜት አገልጋይ የሆነችው መተተኛዋ አንጀሊክ ስለ ናቀኝ ብላ ረገመችው፤ ደም መጣጭ የሆነው በእርግማኗ ነው። ወራት የፈጀው ይህ ትረካ ከድራማው ሁሉ የተዋጣለት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ባርናባስ ከዚያ ሲመለስ የምናዝንለት ሰው ሆነ፤ ከ1968 ጀምሮም የቤተሰቡ ጠባቂ፣ ከባሱ ክፉዎች ጋር የሚታገል ጀግና ተደረገ። ቪክቶሪያ ከድራማው ስትወጣ የዴቪድ ሞግዚት የሆነችው ማን ናት? ማጊ ኢቫንስ። ሰርቆ ካሰራት ሰው ጋር በአንድ ሳሎን ቆማ፣ እንደምን አመሸህ ትለዋለች። እርሷ አታስታውስም። እርሱም አያነሣም። ደራሲዎቹም ያለፉት ይመስላል።

ተመልካቹ ግን ሜዳሊያው አልተወዛወዘበትም። አድናቂዎች በሁለት ጎራ የተከፈሉት በዚህ ነው። አንዱ ወገን ባርናባስ ራሱ የተረገመ ነው፣ በደሉ የእርግማኑ እንጂ የልቡ አይደለም፣ በኋላ ዘመኑም ክሶታል ይላል። ሌላው ወገን ስለ ማጊና ስለ ዉዳርድ ይጠይቃል፦ መቼ ይቅርታ ጠየቀ? ማንንስ ካሰ? ይላል። የጁሊያም ታማኝነት እንዲሁ ያከራክራል። ለወደደችው ሰው እስከ መጨረሻው የጸናች ታላቅ ወዳጅ ናት ወይስ የሐኪምነት ቃሏን የበላች ከዳተኛ? ግሬይሰን ሆል ሚናውን የተጫወተችው ሁለቱም እውነት እንዲመስል አድርጋ ነውና ፍርዱ አይቀልም። በጃንዋሪ 1971 ደግሞ ነገሩ ተባብሶ፣ ባርናባስ የሕይወቱን ጠላት አንጀሊክን በመጨረሻ ሰዓቷ እንደሚወዳት ተናገረ። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ጆዜት ሲቃትት ያዩት ተመልካቾች፣ ይህ የቆየ እውነት መገለጥ ነው ወይስ ደራሲዎቹ ያለፈውን ማስታወስ አቅቷቸው ነው ብለው ተከፋፈሉ።

እዚህ ላይ ስለ አሠራሩ ጥቂት ማለት ይገባል። ድራማው በኒውዮርክ ስቱዲዮ በቀን አንድ ክፍል እየተቀረጸ ይወጣ ነበር። የቪዲዮ ክርን መቁረጥና መቀጠል ውድ ስለ ነበር፣ ተዋናይ ቃሉን ቢስት ወይም የድምፅ መቅጃ ከላይ ብቅ ቢል ብዙውን ጊዜ እንዳለ ይተላለፋል። ደራሲዎቹ ይለዋወጣሉ። ማንም ሰው እነዚህን ክፍሎች ዳግመኛ አያያቸውም ተብሎ ይታሰብ ነበርና የትናንቱን ከዛሬው የማስታረቅ ግዴታ አልተሰማቸውም። ስለዚህ በ1966 የ1830ዎቹ የፓሪስ ሴት የነበረችው ጆዜት፣ በ1967 መጨረሻ የ1795 የማርቲኒክ ተወላጅና የባርናባስ እጮኛ ሆና ተገኘች። የጀርማያ ሚስትነቷስ? በዚህ ላይ ደራሲዎቹ ብልሃት አላጡም፤ በአንጀሊክ መተት ታውራ ባርናባስን ትታ ጀርማያን አገባች አሉ። የቀሩትን ክፍተቶች ግን ለተመልካቹ ተዉለት።

ተመልካቹም አስታራቂ ሆነ። የአንዱ ዘመን ወሬ በቤተሰቡ አፍ የተዛባ አፈ ታሪክ ነው ያለ አለ፤ ወደ ኋላ የሄደችው ቪክቶሪያ ራሷ ታሪኩን ለወጠችው ያለም አለ። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ፈጽሞ እንግዳ አይመስለኝም። የአንድምታ መምህራን አንዱን ኃይለ ቃል ይዘው «አንድም» እያሉ ሌላ ፍች ሲያስከትሉ፣ የፊተኛው በኋለኛው አይሻርም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አድናቂዎች ለጸናው ትረካ የሚጠሩበት ቃልና እኛ «ቀኖና» የምንለው ቃልም ከአንድ የግሪክ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። የተቀደሰ መጽሐፍና የከሰዓት በኋላ ድራማ በክብር አይተካከሉም። ሁለት ቃላት ሲጋጩ አንዱን ከመጣል ይልቅ ሁለቱን አኑሮ መመርመር ግን የአንባቢ ሁሉ ጠባይ ነው።

ድራማው በ1971 ሲቆም ነገሩ በዚያ ያበቃ ነበር። ሆኖም በዘመኑ እንደ ነበሩት ብዙ የቀን ድራማዎች ክሮቹ አልተደመሰሱም፤ ከ1,225 ክፍሎች መካከል ምስሉ የጠፋው የአንዱ ብቻ ነው፣ የእርሱም ድምፅ ተርፏል። ከ1975 ጀምሮ በየከተማው ጣቢያ እንደ ገና መታየት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት አድናቂዎች የራሳቸውን መጽሔት ማሳተም ያዙ፤ ከ1983 ጀምሮ ዓመታዊ ጉባኤ ይደረግ ነበር። የትኛው ነገር በየትኛው ክፍል እንደ ተነገረ የሚያሳይ ማውጫ ያዘጋጁት እነዚሁ አድናቂዎች ናቸው። ድጋሚ ሥርጭቱ ግን አንድ ጉድለት ነበረበት፦ የሚጀምረው የሬሳ ሣጥኑ ከሚከፈትበት ከ210ኛው ክፍል ነው። ስለዚህ ብዙ አዲስ ተመልካቾች ጠባቂ መንፈስ የነበረችውን የፊተኛዋን ጆዜት ሳያውቁ የባርናባስን ጆዜት ብቻ አወቁ። ሁለት ትውልድ ስለ አንዲት ሴት ሲከራከር፣ ያየው ድራማ አንድ አልነበረም።

ኋላ የመጡት ትረካዎችም ወገን ለይተዋል። ዳን ከርቲስ ራሱ በ1970 በሠራው ፊልም ባርናባስ ምሕረት የለሽ ሆኖ ተገደለ። አንጀሊክን የተጫወተችው ላራ ፓርከር በ1998 ልብ ወለድ ጽፋ፣ መተተኛዋን ከልጅነቷ ጀምሮ በራሷ ዓይን አሳየች፤ በድራማው ሁሉ ጥፋት የተጣለባት ሴት የራሷ ታሪክ አገኘች። በ2012 ቲም በርተን በሠራው ፊልም ግን ማጊ ኢቫንስና ቪክቶሪያ ዊንተርስ አንዲት ሴት ሆኑ፤ ባርናባስ የሚያፈቅራትም እርሷ ናት። የታሰረችው አስተናጋጅ እንደ ገና ተረሳች፤ ይህ ጊዜ ስሟ ብቻ ቀረ።

ከርቲስ በ2006፣ ፍሪድ በ2012፣ ፓርከር በ2023 ዐርፈዋል። ክርክሩ ግን የእነርሱን ፈቃድ ጠብቆ አልተጀመረምና ከእነርሱ ጋር አልሞተም። የትረካው ዘመን ይጣጣም አይጣጣም እያለ የሚሟገተውን ሰው ለማይረባ ነገር የሚጨነቅ አድርጎ ማየት ይቀላል። እኔ እንደማስበው ግን ስለ ገጸ ባሕርይ ታማኝነትና ስለ ትረካ ቀጣይነት የሚደረጉት ሁለቱ ሙግቶች አንድ ናቸው። ባርናባስ ተለውጧል ለማለት እንኳ ከምን እንደ ተለወጠ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ይቅር የሚለውም ሰው ምን እንደ ተደረገ ሊያውቅ ይገባል። ማጊ እንድታውቅ አልተተወችም። ስለዚህ ያንን የሙሽራ ልብስና ያንን የሙዚቃ ሣጥን ያልዘነጋው ተመልካች፣ ባርናባስን ቢወደውም ቢጠላውም፣ በእርሷ ፋንታ ሲያስታውስላት ኖሯል።