ከሐዲዱ በፊት የነበረ ዘር

የድሬዳዋ ታሪክ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚቀድመው ባቡሩ ነው። ሐዲዱ በ1902 ደረሰ (ዓመቶቻችን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ በቀለች። ይሄን ማን ይክዳል? ቅር የሚለን ሌላ ነው፤ ሐዲዱ ሳይመጣ በአካባቢው ሲዘራ የኖረው ማሽላ ከታሪኩ ውጭ መቅረቱ።

ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በዚያው የጅቡቲ ባቡር ገብቶ የፈለገው ግን እህሉን ነበር። በ1927 አገራችንን አስሶ ዘር ሰበሰበ፤ ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መነሻዎች አንዷ አድርጎ ቆጠራት። (እሱ ራሱ በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ ሞተ፤ የእህል ሊቅ፣ በረሃብ!)

የሐረርጌ ገበሬ ሙይራ፣ ፈንዲሻ እያለ የማሽላውን ዝርያ ይለያል (ፈንዲሻ ስንል ከቡና ጋር የሚቀርበውን አይደለም)። በሚያዝያ ገደማ ዘርቶ እስከ ኅዳር ይጠብቃል። ዝናቡ መሐል ላይ ሲከዳው፣ ጸንቶ የቆመውን ዛላ መርጦ ለከርሞ ዘር ያስቀምጣል። ይህ ምርጫ ስንትና ስንት ትውልድ ተደጋግሞ ምን እንደሠራ የታወቀው ገና በቅርቡ ነው።

ማሽላ ካበበ በኋላ ድርቅ ሲመታው አብዛኛውን ጊዜ ቅጠሉ ከታች ወደ ላይ ይደርቃል፤ አገዳው ይወድቃል፤ ፍሬው ይጨማደዳል። ከኢትዮጵያ የሄደ አንድ ማሽላ ግን ቴክሳስ ውስጥ ተዳቅሎ፣ ዘሩ በድርቅ ጊዜም ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ቆየ። ሳይንቲስቶች ምክንያቱን ሲፈልጉ አራት የክሮሞሶም ክፍሎች ላይ አገኙት። እዚያ ያሉት ጂኖች ተክሉ ገና በጠዋቱ ቅጠል እንዳያበዛ ያደርጉታል፤ ያልጠጣው ውኃ አፈር ውስጥ ይቆይና ፍሬው በሚሞላበት ክፉ ቀን ይደርስለታል። ጎተራውን አስቀድሞ የቆጠበ ገበሬ ማለት እኮ ነው!

የአቀንጭራ ጉድ ደግሞ ሌላ ነው። አፈሩ ሲደኸይ የማሽላ ሥር የሚረዱትን ፈንገሶች ለመጥራት ኬሚካል ያመነጫል። ለዓመታት አፈር ውስጥ የተኛው የአቀንጭራ ዘር ጥሪውን ይሰማል፤ ይነቃል፤ ሥሩ ላይ ይጣበቅና ይመጠዋል። ከድሬዳዋ ሽቅብ ከምትገኘው ከዓለማያ ኮሌጅ በ1973 የተመረቁት ገቢሳ እጀታ ብዙ ዕድሜያቸውን በዚህ ጥገኛ ላይ ፈጁ፤ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸውም በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። በ2017 እሳቸው ያሉበት ቡድን ጂኑን ለይቶ አወጣ። ያ ጂን በጠፋበት ማሽላ ሥሩ የሚያመነጨው ኬሚካል ዓይነቱ ይለወጣል፤ አብዛኛው የአቀንጭራ ዘርም እንደተኛ ይቀራል።

አዲስ አበባ ላይ የዘር ባንክ የተቋቋመው በ1976 ነው፤ ከቫቪሎቭ ጉዞ ሃምሳ ዓመት ገደማ ዘግይቶ። ደግ ተደረገ። ነገር ግን በሐረርጌ ብዙ ማሳ ላይ ማሽላው ለጫት ቦታ እየለቀቀ ነው። ገበሬውን አንወቅስም፤ ልጆቹን የሚያሳድገው በገንዘቡ ነው። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ዘር ግን ድርቅ አያየውም፣ ከአቀንጭራም አይታገልም፤ እንደተቀመጠ ይቆያል። ማሳ ላይ የቀረው በየዓመቱ ይፈተናል፤ በየመኸሩም እንደገና ይመረጣል።