የሆሳዕና ቤት ኪራይ፣ ደላላውና ደብተሩ

ሆሳዕና ውስጥ የአንድን ግቢ የኪራይ ታሪክ ማወቅ ብፈልግ ቀድሜ የምሄደው ባለቤቱ ዘንድ ሳይሆን ደላላው ዘንድ ነው። አከራይ ኪራዩን በቃሉ ይዞ ይረሳዋል። ደላላ ግን የትኛው ሰርቪስ ቤት መቼ እንደተለቀቀ፣ ዓምና በስንት እንደተያዘ፣ ቆጣሪው የጋራ ይሁን የግል አይጠፋውም። ሥራዬ የአነስተኛ ግብር ከፋዮችን ሒሳብ ማዘጋጀት ነው። ሐምሌ ሲገባ ደንበኞቼ «ባለፈው ዓመት ስንት ነበር ያስገባነው?» ብለው እኔኑ ይጠይቁኛል፤ እኔም ዞሬ ደላላውን እጠይቃለሁ። ብዙ ሰው ኪራይ ሳይጻፍ መቅረቱን ከግብር መሸሽ ብቻ አድርጎ ያየዋል። መሸሹ የለም አልልም። ይሁንና ኪራይን ከወረቀት ያራቀው የሰዉ ስስት ብቻ አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ደጋግሞ አግዟል።

ራስ አባተ ቧያለው ዋቸሞ ላይ የቆረቆሯት ከተማችን ከአብዮቱ በፊት የሸዋ ጠቅላይ ግዛት የከምባታና ሐዲያ አውራጃ መቀመጫ ነበረች። ከሌላ አገር የሚመደበው ጸሐፊ፣ መምህርና ፖሊስ ተከራይቶ ይኖራል፤ ነጋዴውም እንዲሁ። በወረቀት ደረጃ ሁሉም ነገር ተደንግጎ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደላላን ሁለት ወገኖችን አገናኝቶ የሚያዋውል ባለሙያ አድርጎ አውቆታል፤ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 173/1953 ደግሞ ለቤት ኪራይ የራሱን ሠንጠረዥ ሰጥቶታል። ሠንጠረዥ «ለ» የምንለው እሱን ነው።

ከዚያ ሐምሌ 1967 መጣ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተተወ። አነስተኛ ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። በወር ከመቶ ብር በታች የሚከራየው ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። መቶ ብር የሚያወጣ ቤት እኛ ከተማ ብርቅ ስለነበር ቀበሌ ጠቅልሎ ወሰደው። የአከራይና የተከራይ ግንኙነት ቀረ ተባለ፤ ደላላውም አብሮ ቀረ።

ሰው መከራየቱን ግን አልተወም፤ ስሙን ለወጠ እንጂ። ከሾኔ ወይም ከአንጋጫ ተዛውሮ የመጣ መምህር ጓዳ ውስጥ አንድ ክፍል ይሰጠዋል፤ ቀበሌ ሲመዘግብ «የእህቴ ልጅ ነው» ይባላል። ስኳሩም ጤፉም ከቀበሌ ሱቅ የሚገኘው በካርድ ነውና የቤተሰቡ ቁጥር ላይ አንድ ነፍስ ይጨመራል። በየወሩ የሚሰጠው ብር «ለቡና» ነው። ማን ይጽፈዋል? መጻፍ ማለት ራስን ማስመስከር ነበር። የዛሬዎቹ አከራዮች እናቶች ኪራይ መሰብሰብ የተማሩት በዚያ ዘመን ነው፤ ሲለምዱት ያለ ውል፣ ያለ ደረሰኝ፣ በእጅ በእጅ ነበር።

በ1982 የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ቤት ሠርቶ ማከራየት መንገዱ ተከፈተ፤ ልማዱ ግን ባለበት ቆየ። ነገሩን የለወጠው ደቡብ አፍሪካ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የሐዲያና የከምባታ ወጣት ወደ ጆሀንስበርግና ወደ ደርባን ጎረፈ። ሱቅ ከፍቶ፣ በየሰፈሩ ዕቃ አዙሮ ያገኘውን ሆሳዕና፣ ዱራሜና ሺንሺቾ ላይ ብሎኬት አደረገው። ባለቤቱ እዚያ፣ ቤቱ እዚህ፤ መሐል ላይ ውክልና የያዘ አጎት ወይም ወንድም። ተከራይ የሚያመጣው ደላላ፣ ቁልፍ የሚረከበው ደላላ፣ ተከራዩ ሌሊት ጓዙን ጭኖ ሲጠፋ ቀድሞ የሚሰማውም ደላላ።

አጎትየው ከኪራዩ የባለቤቱን እናት ያሳክማል፣ የታናሹን ትምህርት ቤት ይከፍላል፣ ለለቅሶ ያዋጣል፣ ወደ ራሱም ኪስ ይገባል። ባለቤቱ ከዓመታት በኋላ መጥቶ «ብሬስ?» ሲል ነገሩ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። ሽማግሌ ደግሞ ዝርዝር ይጠይቃል። እኔ እንዳየሁት በእኛ ከተሞች አከራይን ደብተር ያስያዘው ግብር ሰብሳቢ ሳይሆን ሽምግልና ነው። እጄ ላይ ከቆዩት አንዱ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር በግራ ገጹ «ገቢ»፣ በቀኙ «ወጪ» ይላል። በቀኙ ገጽ ላይ፦ «ጥቅምት 3 የደላላ 1,500። ቁልፍ መቀየሪያ 400። ለእማማ መድኃኒት 850።» ሦስቱም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓምድ። ለቤተሰብ ሒሳብ እንከን የለውም። ለግብር ግን የእማማ መድኃኒት የቤቱ ወጪ አይደለም፤ የደላላውም ደረሰኝ የለውም።

የግብሩ ሕግ እዚህ ላይ የሠራውን ልብ በሉ። በ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 286 መሠረት መዝገብ የማይዝ አከራይ ከኪራዩ አንድ አምስተኛው በወጪ ስም ይቀነስለት ነበር። በ2008 የወጣው አዋጅ ቁጥር 979 መዝገብ ለማይዘው ለሐ ደረጃ ግብር ከፋይ ይህን ወደ ግማሽ አሳደገው። እስከ 2017 በነበረው ስሌት በወር 6,000 ብር የምታከራይ አንዲት እናት እኔ ዘንድ ብትመጣ፣ ዓመታዊው 72,000 ነው፤ ግማሹ ሲቀነስ 36,000 ይቀር ነበር። የመጀመሪያው 7,200 ነፃ ነበር። ቀጣዩ 12,600 በ10 በመቶ 1,260 ብር፣ የቀረው 16,200 በ15 በመቶ 2,430 ብር፤ ድምሩ 3,690። «የደላላውስ?» ትለኝ ነበር። እትዬ፣ እሱ ግማሹ ውስጥ ገብቷል። ለደላላ ብዙ ብትከፍልም ጥቂት ብትከፍልም ግብሯ ያው ነበር።

መዝገብ የሚይዘው አከራይ ግን ገቢውን ለማግኘት የግድ ያወጣውን፣ እድሳቱን፣ የባንክ ወለዱን፣ የእርጅና ቅናሹን ይቀንሳል። የደላላ ክፍያም በዚህ አንቀጽ መግባት ይችላል፤ ማስረጃ ካለው። ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) ያለው ደላላ ግን እኛ ዘንድ በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ትልቅ ሕንፃ ላለው ሰው የደላላው ብር ወጥቶም እንዳልወጣ ይቆጠራል፤ ደብተር አልባዋ እናት ደግሞ ያላወጣችውም ይቀነስላት ነበር። ይህን ያየ ሰው መዝገብ ያዝ ብላችሁ ብትመክሩት ምን ብሎ ይሰማችኋል?

ፍላጎቱ በዚህ መሐል አደገ። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ሲከፈት መምህሩም ሠራተኛውም ቤት ፈላጊ ሆነ። በ2015 ነሐሴ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሳዕና ዋና መቀመጫ ስትሆን የቢሮ ሠራተኛው ከያለበት መጣ፤ ጎፈር ሜዳ ሰፈር ቤት የተጠየቀው ያህል ሌላ ጊዜ ሲጠየቅ አላየሁም። በመጋቢት 2016 አዋጅ ቁጥር 1320 ወጣ፦ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ ዘዴ ይከፈል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የትኞቹ ከተሞች በዚህ እንደሚገዙ ክልሎች ይወስናሉ።

የአዋጁ ወሬ ብቻውን አንዳንዱን አከራይ ሁለት ውል እንዲጽፍ አድርጎታል፤ አንዱ ለማሳያ፣ አንዱ ለእውነት። የጆሀንስበርጉ ልጅ ግን በባንክ መሆኑን ወዶታል፤ አጎቱን ሳይጠይቅ ገቢውን በስልኩ ያያል። ደብተሮቼን የሚሞላልኝን ደላላ ቲን እንዲያወጣ መከርኩት፤ ደረሰኝ ከሰጠ ትልልቆቹ ባለ ሕንፃዎች እሱን እንደሚመርጡ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ እንደዚያ ከሆነ እኔም ልከፍል ነዋ!» አለኝ።

አዎ አልኩት። ለዘንድሮ በአከራዮቹ ደብተር ላይ «የደላላ» ተብሎ ብቻ እንዲቆይ ለመነኝ።