የሁኔታ ቁጥሮች ባለቤት፦ ከሲ ቋንቋ ታሪክ አንድ ምዕራፍ

ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ቡልቡላ የሚሄደው ታክሲ ረዳት «ዘጠና ሦስት! ዘጠና ሦስት ማዞሪያ!» እያለ ሲጣራ ተሳፋሪው ቁጥሩ ምን እንደሚቈጥር አይጠይቅም። የሚወርድበትን ቦታ ያውቃልና ይበቃዋል። አዲስ አበባ እንዲህ ቁጥርን ስም አድርጋ የምትኖር ከተማ ናት። 4 ኪሎ፣ 6 ኪሎ፣ 22 ማዞሪያ ስንባባል «ኪሎ» ወይም «ማዞሪያ» የሚለው ቃል ከቁጥሩ ጋር ተጣብቆ ስለሚሄድ ስሕተት አይገባንም። ቃሉ ወድቆ ቁጥሩ ብቻውን ሲቀር ግን ነገሩ ይለወጣል፤ አንድ ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው «ስድስት ጋ ጠብቀኝ» ቢባል ስድስት ኪሎ ይሁን፣ ስድስት ቁጥር አውቶቡስ ይሁን፣ ወይስ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ፣ በምን ሊያውቅ ይችላል?

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እንዲህ ያለ ቃላቸው የወደቀባቸው ቁጥሮች ናቸው። አባሎቻችን እንደሚያውቁት በአንድ ትልቅ ፕሮግራም ውስጥ አንዱ ክፍል ለሌላው «ተፈጽሟል»፣ «በሂደት ላይ ነው»፣ «አልተሳካም» ብሎ የሚያስታውቀው በቃል ሳይሆን በቁጥር ነው። እነዚህን በዚህ ጽሑፍ የሁኔታ ቁጥሮች እላቸዋለሁ። በሲ ቋንቋ በተጻፉ አሮጌ ፕሮግራሞች ውስጥ እነዚህ ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ የወል ናቸው፤ ይኸውም ከፕሮግራሙ ጫፍ እስከ ጫፍ ለሁሉም ይታያሉ፣ ሁሉም ይጠቀምባቸዋል፣ ተጠያቂ ግን የላቸውም። ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣና ማጥራቱ ለምን ከሚታሰበው በላይ አስቸጋሪ እንደ ሆነ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ልማዱ ሲን ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1964 ይፋ በሆነው የአይ.ቢ.ኤም. ሲስተም 360 ላይ ፕሮግራሞች ሲጨርሱ የሚመልሱት ቁጥር በአብዛኛው 0፣ 4፣ 8፣ 12 ወይም 16 ነበር። ቁጥሩ በአራት በአራት የሚዘልለው በምሥጢር አይደለም፤ አንዱ የመዝለያ ትእዛዝ አራት ባይት ስለሚይዝ፣ የተመለሰው ቁጥር ምንም ስሌት ሳያስፈልገው የትእዛዞቹ ሰንጠረዥ መግቢያ ሆኖ ያገለግል ነበር። ማሽኑ ውድ፣ ሜሞሪው ጠባብ በነበረበት ዘመን ይህ ብልኀት ነበር። ሰንጠረዡ የጠፋበት ፕሮግራም እንኳ በአራት መቍጠሩን አልተወም።

ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ የሲን ቋንቋ ያበጀው እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1973 ባሉት ዓመታት ሲሆን፣ የዩኒክስ እምብርትም በ1973 በዚሁ ቋንቋ እንደ ገና ተጻፈ። በዩኒክስ አንድ የሥርዓቱ ጥሪ ካልተሳካ የሚመልሰው -1 ብቻ ነው፤ ምክንያቱ ግን «ኤርኖ» በተባለ አንድ የወል ቦታ ይቀመጣል። 2 ማለት የተባለው ፋይል የለም፣ 13 ማለት ፈቃድ የለህም ማለት ነው። 25 ደግሞ «ይህ የጽሕፈት መኪና አይደለም» የሚል መልእክት ነበረው፤ ያን ጊዜ ሰው ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚነጋገረው ወረቀት ላይ በሚያትም መኪና ነበርና። ዛሬ ብዙዎቹ ሥርዓቶች መልእክቱን ለዘመኑ በሚስማማ ቃል ለውጠውታል። ቁጥሩ ግን እስከ ዛሬ 25 ነው። ቃሉን መለወጥ ለምን ቀላል፣ ቁጥሩን መለወጥ ለምን አይቻሌ እንደ ሆነ በኋላ እንመለስበታለን።

ለእነዚህ ቁጥሮች ስም የሚሰጠው «ዲፋይን» የተባለው ትእዛዝ ወደ ሲ የገባው እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 መካከል ነው። ትእዛዙ እጅግ የዋህ ነው፤ ኮምፓይለሩ ጽሑፉን ከማየቱ በፊት ስሙን ባገኘበት ሁሉ እየነቀለ ቁጥሩን ይተክላል። የፋይል ወሰን፣ የክፍል ወሰን አያውቅም። የራስጌ ፋይሉን የጠራ ሁሉ የፈለገውንም ያልፈለገውንም ስም ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ያስገባል። ይህ ለአሥር ሺህ መስመር ፕሮግራም በቂ ነበር። ችግሩ የመጣው በተለያዩ ሰዎች፣ በተለያዩ ዓመታት የተጻፉ ፕሮግራሞች በአንድ ጣራ ሥር መኖር ሲጀምሩ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የ11 እና የ35 ነገር ነው። በተለመደው የሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ 11 «ጥቂት ቈይተህ ሞክር» ማለት ሲሆን፣ 35 ሁለት ሥራዎች እንደ ጠባብ ድልድይ ላይ መኪኖች ተፋጠው እርስ በርስ በመጠባበቅ እንዳይቆሙ የሚያስጠነቅቅ ነው። ከበርክሌይ ዩኒክስ በሚወለዱት ሥርዓቶች፣ ማለትም በፍሪ ቢ.ኤስ.ዲ. እና በማክ ኮምፒዩተሮች ላይ፣ ትርጉማቸው በትክክል ተገላቢጦሽ ነው። ስሙን የጻፈ መሐንዲስ ይህን ሳያውቅ በሰላም ይኖራል። «ምን አለበት፣ 11 እኮ ነው» ብሎ ቁጥሩን በቀጥታ የጻፈ ግን ፕሮግራሙን ወደ ሌላው ማሽን ባሻገረ ቀን ሞክር የተባለውን ትቶ፣ ተው የተባለውን ሲሞክር ያድራል።

እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው 11ኛው ኤክስ የመስኮት ሥርዓት ደግሞ «ስታተስ» የሚለውን ቃል ራሱን የወል አደረገው። በዚህ ዓይነት የተሰየሙት መልሶች ዜሮ ሲሆኑ ሥራው አልተሳካም ማለት ነው። በዚያው ሥርዓት ውስጥ «ሰክሰስ» ማለትም ስኬት የተባለው ቁጥር ዋጋው ዜሮ ነው! በተጨማሪም «ስታተስ» በዲፋይን የተሰየመ ስለ ሆነ፣ ማንም በገዛ ፋይሉ ለራሱ ነገር ይህን ስም ቢሰጥ ከሥሩ ተነቅሎ በሌላ ቃል ይተካበታል። የዊንዶውስ ራስጌ ፋይሎችም «ኤረር» የሚለውን የጋራ ቃል ለሥዕል አካባቢ ስሌት ዜሮ አድርገው ይዘውታል። ቪ.ኤም.ኤስ. በተባለው የዲጂታል ኩባንያ ሥርዓት ጎዶሎ ቁጥር ሁሉ ስኬት፣ ሙሉ ቁጥር ሁሉ ጉድለት ነበር። በግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለም፤ ሲ በግዕዝ አኃዝ ቢሠራ ኖሮ ከዚህ ጭቅጭቅ ግማሹ ባልተፈጠረ ነበር እያልሁ አንዳንዴ ከባልደረቦቼ ጋር እቀልዳለሁ።

ቪ.ኤም.ኤስን ግን ለቀልድ ብቻ አላነሣሁትም። በቁጥሩ ውስጥ የባለቤቱን መለያ ያኖር ነበር፤ ከቁጥሩ የተወሰኑት ቢቶች ክብደቱን፣ የተወሰኑት ደግሞ የትኛው የሥርዓቱ ክፍል እንደ ላከው ይናገራሉ። ሥራውን ከመሩት አንዱ ዴቪድ ከትለር በኋላ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን ዊንዶውስ ኤን.ቲ. ሲመራም በዚያ ሥርዓት ያሉት የሁኔታ ቁጥሮች ተመሳሳይ አሠራር ይዘው ቀረቡ። በእኔ አስተያየት ትክክለኛው መንገድ ይህ ነበር። «ኪሎ» የሚለው ቃል በቁጥሩ ውስጥ ተሰፍቶ እንደ መሄድ ነውና። የሲ ቋንቋ መመዘኛ በበኩሉ የመረጠው በስም መለየትን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወጣ በ«ኢ» ጀምረው በትልቅ ፊደል ወይም በአኃዝ የሚቀጥሉትን ስሞች ለኤርኖ ከልሎ አስቀመጠ።

በአገራችን ደግሞ ይህን ችግር ያየነው ገና ሲን ሳንማር፣ በገዛ ፊደላችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒዩተር ሲጀመር፣ በአንድ የፎንት ሰንጠረዥ ውስጥ የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነበር። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ሃያዎቹ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲታከሉ ሰንጠረዡ ይሞላል፣ ይፈሳልም። ስለዚህ ፓወር ግዕዝም፣ ቪዥዋል ግዕዝም፣ አጋፋሪም እያንዳንዳቸው ፊደሉን በየራሳቸው ቁጥር ደለደሉ። በአንዱ «ለ» የሆነው ቁጥር በሌላው ሌላ ነበር። ሁሉም በየቤታቸው ትክክል ነበሩ። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ግን ምንም የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የዩኒኮድ 3ኛ እትም ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ክልል ሰጥቶ 345 ምልክቶችን መዘገበ፤ ከዚያ ወዲያም በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ተጨማሪ ፊደላት ገብተዋል። አንድ ጊዜ የተመዘገበ ፊደል ቁጥሩ እንደማይቀየር፣ እንደማይሰረዝም ዩኒኮድ ደንግጓል። ለምን ቢሉ፣ ቁጥሩ ከቤት ወጥቶ በማንም በማያውቃቸው ሰነዶች ውስጥ ተቀምጧልና። አሮጌዎቹም ሰነዶች ቢሆኑ በውስጣቸው ያለው ቁጥር ያው የቀድሞው ነው፤ የሚነበቡት በድንበር ላይ የሚተረጕም ሲኖር ብቻ ነው። የ25ም ምሥጢር ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ያስነሣኝ በገዛ እጃችን ያለፈ ጉዳይ ነው። የምሠራበት ቢሮ ቡልቡላ ውስጥ፣ አውሮፕላን ሲያርፍ ንግግር በሚቋረጥበት ፎቅ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት በሌሎች ሰዎች እጅ የተጻፈ፣ የክፍያ መልእክቶችን ከቅርንጫፍ ወደ ዋናው መዝገብ የሚያስተላልፍ ትልቅ የሲ ፕሮግራም ተረከብን። ስሙን በማልጠራው አንድ የገንዘብ ተቋም ውስጥ በአንዲት ገንዘብ ከፋይ መለያ የገባ ተቀማጭ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ተገኘ። በመሳቢያዋ ያለው ገንዘብ የአንዱ ብቻ ስለ ሆነ ሒሳቡ ጉድለት አሳየ፤ ልጅቱም በጽሑፍ መልስ እንድትሰጥ ተጠየቀች። ለሁለት ሳምንት ያህል ጥርጣሬው በእርሷ ላይ ነበር።

ጥፋቱ ግን በእኛ ዘንድ ነበር። «ተፈጽሟል» የሚለው ስም በሁለት ራስጌ ፋይሎች ውስጥ ተሰይሟል፤ በአንዱ 1፣ በሌላው 2 ነው። ሁለቱም «ከዚህ በፊት ካልተሰየመ ሰይመው» በሚል ትእዛዝ የታጠሩ ስለ ነበሩ፣ ኮምፓይለሩ ቀድሞ የተጠራውን ይዞ ሁለተኛውን በዝምታ ያልፋል። ከእኛ አንዱ ጽሑፉን ለማሳመር ብሎ የራስጌ ፋይሎቹን ጥሪ በፊደል ተራ ደረደረ። ቀዳሚው ተለወጠ፤ ከእርሱም ጋር ትርጉሙ ተለወጠ። ስሕተቱ መስመር ተቋርጦ ሲመለስ ብቻ በሚሠራው ክፍል ስለ ተደበቀ ሙከራ አላገኘውም። መዝገቡ «1» ብሎ ተፈጽሟል ሲል፣ ላኪው 2 ስለሚጠብቅ አልተፈጸመም ብሎ ደግሞ ላከ። የደረደረው ሰው እኔ ነበርሁ።

ማብራሪያችን ደርሶ ልጅቱ ነፃ ከሆነች በኋላ ማጥራቱን በሌላ መንገድ ጀመርን። በመጀመሪያ እነዚያን የዝምታ አጥሮች አነሣን፤ ኮምፓይለሩ በአንድ ቀን ለወራት የተከማቸ ጩኸት ጮኸ። ቀጥለን እያንዳንዱን ስም የሚያወጣው ክፍል የትኛው ነው እያልን በስሙ ፊት የክፍሉን ስም ቀጠልንበት። ስም ብቻ ሲለወጥ የሚወጣው የማሽን ትእዛዝ መለወጥ ስለሌለበት፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ የተገኘውን በባይት እያስተያየን ሄድን፤ አንዲት ባይት ከተለየች ሥራው ይመለሳል። እውነቱን ለመናገር ከዚህ የበለጠ አሰልቺ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ እንደዚያ ሥራ ያለ ግን በሰላም ያስተኛኝም የለም።

ብዙ ሰው ቁጥሮቹን ወደ «ኢነም» መለወጥ ይበቃል ይላል። አይበቃም። በሲ ቋንቋ የኢነም ስሞች ከሌሎች ስሞች ጋር በአንድ ከረጢት ይኖራሉ፤ ዋጋቸውም ተራ ቁጥር ስለ ሆነ የአንዱ ክፍል «2» ከሌላው ክፍል «2» ጋር ቢወዳደር ቋንቋው አይከለክልም። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው አዲሱ የሲ መመዘኛ ለኢነም የቁጥር ዓይነት መወሰንን ፈቅዷል፤ ቁጥሩን ግን ከሌላ ቁጥር አላጠረውም። ስለዚህ ገንዘብ የሚነኩትን ሁኔታዎች አንድ አባል ብቻ ባለው «ስትራክት» ጠቀለልናቸው። አሁን ያለ ትርጉም ሊያወዳድራቸው የሞከረን ኮምፓይለሩ ራሱ ይመልሰዋል።

ወደ መዝገብ የገቡትን ቁጥሮች አልነካናቸውም። 1 የነበረው 1 ነው፣ 2 የነበረውም 2። በሁለቱ ክፍሎች ድንበር ላይ ግን አንዱን ወደ ሌላው የሚተረጕም አንድ ተግባር አስቀመጥን።

በመጨረሻ 7 ቀረ። በፕሮግራሙ ውስጥ የሚያነብበው እንጂ የሚልከው አላገኘንም። በዕድሜ የሚበልጠኝን፣ ፕሮግራሙን ከጥንት የሚያውቀውን ባልደረባችንን ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ይህ ሰባት የማን ነው?»

«ድሮ አንድ ዓይነት ማሽን ነበር። ወረቀት ሲያልቅበት ሰባት ይል ነበር።»

«ማሽኑ ከሌለ እንሰርዘው?»

«መዝገቡ ውስጥ ተኝቶ ያለውን ሰባት ታዲያ ማን ሊያነብልህ ነው?»

አልሰረዝነውም። የማሽኑን ስም በፊቱ ጽፈን፣ «ወረቀት አልቋል» ብለን ሰይመን፣ ከእንግዲህ ማንም እንዳይልከው አጥረን ተውነው። እስከ ዛሬም እዚያው አለ።