በእርግዝናና በጡት ማጥባት ወቅት የቁርጥማት በሽታ መድኃኒቶች አጠቃቀም

በተለምዶ ቁርጥማት በሚል ስም የሚጠሩት የመገጣጠሚያ ብግነት፣ ሉፐስና መሰል ሕመሞች ከወንዶች ይልቅ በመውለጃ ዕድሜ ላይ የሚገኙ ሴቶችን ያጠቃሉ። እንደ ደብረ ብርሃንና አንኮበር ባሉ ደጋማ አካባቢዎች ሕመሙ «ብርድ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ብርድ ሥቃዩን ቢያባብስም የበሽታው ምንጭ ግን አይደለም፤ በሽታው የሚከሰተው የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን ሲያጠቃ ነው።

እናቶች ማርገዛቸውን ሲያውቁ ለፅንሱ በማሰብ መድኃኒቱን በሙሉ ሊያቋርጡ ይችላሉ። ይህ ውሳኔ ብዙ ጊዜ ጉዳት ያስከትላል። ቁጥጥር ያልተደረገለት ሉፐስ ለውርጃ፣ ያለጊዜው ለመውለድና ለደም ግፊት ያጋልጣል። ሃይድሮክሲክሎሮኪን በእርግዝና ጊዜም ሆነ ጡት በማጥባት ወቅት እንዲቀጥል የሚመከር መድኃኒት ነው። ሰልፋሳላዚን ከፎሊክ አሲድ ጋር፣ አዛቲዮፕሪንና አነስተኛ መጠን ያለው ፕሬድኒሶሎንም በሐኪም ክትትል ሊወሰዱ ይችላሉ። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎንን በድንገት ማቆም ለሕይወት አስጊ ነው።

ጥብቅ ጥንቃቄ የሚያሻው በሳምንት አንድ ቀን የሚወሰደው ሜቶትሬክሴት ነው። ውርጃና የአካል ጉድለት ስለሚያስከትል ከመፀነስ ከ1 እስከ 3 ወር አስቀድሞ በሐኪም ምክር መቆም ይኖርበታል፤ እስከዚያው የወሊድ መቆጣጠሪያ መጠቀም ያስፈልጋል። የምታጠባ እናትም አትወስደውም። ማይኮፊኖሌት፣ ሳይክሎፎስፋማይድና ሌፍሉኖማይድ በተመሳሳይ መልኩ አስቀድመው መቀየር ይገባቸዋል። በተለይ ሌፍሉኖማይድ ከቆመ በኋላም በሰውነት ውስጥ እስከ 2 ዓመት ሊቆይ ስለሚችል በሌላ መድኃኒት እንዲወገድ ይደረጋል። ሜቶትሬክሴት እየወሰደች ያረገዘች እናት መድኃኒቱን አቁማ ሳትዘገይ ሐኪም ማማከር አለባት፤ ፅንሱ ሁሉ ይጎዳል ማለት ግን አይደለም።

ከመድኃኒት ቤት በቀላሉ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የፅንሱን ኩላሊት በመጉዳት የሽርት ውሃን ሊቀንሱ ይችላሉ። በምትካቸው ፓራሲታሞል ይመረጣል። ለምታጠባ እናት ግን አይቡፕሮፌን ተስማሚ ነው።

በቁርጥማት ትኩሳት ሳቢያ ለልብ ሕመም የተዳረጉ እናቶች በየወሩ የሚወጉት የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌም በእርግዝና ምክንያት አይቋረጥም።

በአንኮበርና በአካባቢው የሚኖሩ እናቶች በቅርብ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል ሲጀምሩ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ይዘው ሊቀርቡ ይገባል፤ እንደ አስፈላጊነቱም ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል በሪፈር ይላካሉ።