ፔጆ በድሬ ጓሮ

የአንድን ከተማ ታሪክ ማወቅ የሚሻ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ወደ መዝገብ ቤት ወይም ወደ ሽማግሌዎች ደጅ ነው። ድሬዳዋን በተመለከተ ግን እኔ ሌላ አድራሻ እጠቁማለሁ፤ የመካኒኮችን ጓሮ። ድሬን የወለዳት ባቡር ነው፤ ያሳደጓትም ብረት የሚያውቁ እጆች ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ መድረሻው ሐረር እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ዳሩ ግን ተራራውን መውጣቱ በወጪም በድካምም ስለከበደ መስመሩ ከግርጌው ቀረ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ ኋላ ድሬዳዋ የሚለው ስም አሸነፈ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ኩባንያው ትልቁን የጥገና ወርክሾፑን የተከለው ድሬ ላይ ነበር። በዚያ ቅጥር ግቢ ውስጥ ብረት የሚያቀልጠው፣ ቶርኖ ላይ የሚቆመው፣ የሚበይደውና የሚቀጠቅጠው ሠራተኛ ሙያውን ከነፈረንሳይኛ ስሙ ተማረ። ማታ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ይህን ዕውቀት በር ላይ ጥሎት አልገባም፤ ለልጁም ለጎረቤቱም አካፈለ።

እንግዲህ ፔጆ 404 ወደ ድሬና ወደ ሐረር ሲመጣ የጠበቀው እንዲህ ያለ ሕዝብ ነው። ይህች መኪና ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን፣ መልኳን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። በዓለም ላይ ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ጥንካሬዋን በአህጉራችን ያስመሰከረችው በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967ና በ1968 አሸንፋለች። ጅቡቲ እስከ 1969 ዓ.ም. በፈረንሳይ እጅ ስለነበረች፣ ባቡሩም ስለሚያገናኝ፣ የፈረንሳይ ዕቃ ለድሬ ሰው ባዕድ አልነበረም።

ነገር ግን ጠንካራ መሆን ብቻውን ለስድሳ ዓመት አያበቃም። ምስጢሩ ኮፈኑ ሲከፈት ይታያል። 1618 ሲሲ የሆነው ሞተር ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ሲሊንደሮቹ ከሞተሩ አካል ጋር አብረው የተቀረጹ አይደሉም፤ ለብቻ እየወጡ የሚገቡ ቧንቧዎች ናቸው። ስለዚህ ሞተሩ ሲያረጅና ዘይት መብላት ሲጀምር፣ መካኒኩ ቴስታታውን ያነሣል፣ ያለቀውን ቧንቧ ከነፒስተኑ ይመዛል፣ አዲሱን ከነፋሻው ያስገባል። ውድ መሣሪያ ያለው ትልቅ ጋራዥ አያሻውም፤ የኒም ዛፍ ጥላ፣ ሁለት ብርቱ ሰውና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃዋል። በአንጻሩ የኋላ ዲፈረንሻሉ ረቂቅ ነው፤ ኃይሉን የሚያስተላልፈው በነሐስ ጥርስ ላይ በሚዞር ጠመዝማዛ ብረት ስለሆነ ዘይቱ ሲጎድል ነሐሱ ይበላል። የድሬ ሹፌር የኋላውን ዘይት እንደ ጸሎት የማይረሳው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ የችግር ዘመን መጣ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፤ አዲስ መኪና ማስገባት ለተራ ሰው የማይታሰብ ሆነ። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ የባቡሩ መስመር ለወራት ተቋረጠ፤ መለዋወጫውም አብሮ ቆመ። የድሬ ጓሮ እውነተኛ ትምህርት ቤት የሆነው ያኔ ነው። የተጎዳ ጎማ ተቆርጦ ላስቲክ ቡሽ ሆነ፤ የሞተች መኪና ለሦስት ሕያዋን ተከፋፈለች፤ የዛገ ወለል በባትላሜራ እጅ ከበርሜል ላሜራ ተሰፋ። በልጅነቴ ከመጋላ ወደ ከዚራ ደቻቱን ስሻገር የማያቸው ፔጆዎች ሁሉ ከሩቅ አንድ ይመስሉ ነበር፤ ቀረብ ሲሉ ግን ሁለት አንድ ዓይነት አልነበሩም። አንዱ ዳሽቦርዱን ቀይ ከፈይ አልብሷል፤ ሌላው መስኮቱን በዘርፍ መጋረጃ አስጊጧል፤ ሦስተኛው የማርሽ ዘንጉን ጫፍ በባለቀለም መስታወት ለውጧል። ባለቤቱ መኪናውን ሲጠግን የራሱንም መልክ እየሰጣት ነበር።

ፔጆን ከጎዳና የገፋው ችግር ሳይሆን ባጃጅ ነው። እሱም ቢሆን የአሮጌ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ አያቱ ጣሊያኖች ከቬስፓ አካል እ.ኤ.አ. በ1948 የወለዱት ባለሦስት እግር «አፔ» ነው። የድሬ ልጆች በፔጆ የጀመሩትን ማስጌጥ በባጃጅ ቀጠሉ። የጓሮው ጥበብ ግን እየሳሳ ሄደ። የቀድሞው ባቡር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አዲስ አበባ መሄዱን አቆመ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱ ሌላ ሐዲድና ሌላ ጣቢያ አለው። ያረጀው ወርክሾፕ እንደ ቀድሞው ደቀ መዝሙር አያፈራም።

አሳሳቢው ነገር እዚህ ላይ ነው። ስለ ባቡሩ ውል፣ ስለ ነገሥታቱና ስለ ኩባንያው ብዙ ተጽፏል። አንድ ሽማግሌ መካኒክ ቧንቧውን ሲያስገባ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ልኩን እንዴት እንደሚያውቅ ግን የጻፈልን የለም። ይህ ዕውቀት ያለው በጆሮና በጣት ውስጥ ነው፤ ጣቱ ሲያርፍ አብሮ ይቀበራል። ችግሩን ላወድስ አይደለም፤ ያ ሁሉ ብልሃት የተገኘው በሩ ስለተዘጋ መሆኑን አልዘነጋም። ግን በሮች ዛሬም ይዘጋሉ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ስለዚህ በእጃችን ያለውን አሮጌ መኪና ማኖር እንደገና የብዙ ሰው ጥያቄ ይሆናል። ያን ጊዜ መልሱን የሚያውቁት የድሬ ሽማግሌዎች ናቸው። አንድ የሙያ ትምህርት ቤት ጥቂት ተማሪዎችን ከነደብተራቸው ቢልክላቸው፣ ቢያንስ የፔጆዋ ሞተር እንዴት እንደሚፈታና እንደሚገጠም በአማርኛ ተጽፎ ይቀር ነበር።