ቁምሳ፦ ብራንች በክሬጊበርን

ብራንች ማለት ቁርስ ካለፈ በኋላ፣ ምሳ ሳይደርስ፣ ሁለቱን ባንድ መቀመጫ መብላት ነው። ቃሉም እንደ ምግቡ የተዳቀለ ነው፤ «ብሬክፋስት» እና «ላንች» የሚሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተቆርጠው ተገጣጥመዋል። በአማርኛ ምን እንበለው ለሚል ሰው መልሱ ቅርብ ነው፤ ቁምሳ። ቃሉን እኔ አልፈጠርኩትም፣ ምሁራንም ተሰብስበው አልመከሩበትም። ተማሪው፣ ወንደላጤው፣ ደመወዝ ሳይደርስ ኪሱ የሳሳበት ሁሉ ሲለው የኖረ የከተማ ቃል ነው። ጠዋትን እንደ ምንም ያሳልፍና አምስት ሰዓት ላይ አንድ ስፔሻል ፉል በሁለት ዳቦ፣ ወይም ደህና አድርጎ የተሠራ ፍርፍር ይበላል፤ ከዚያ እስከ እራት ይዘልቃል። «ምሳ በላህ?» ሲሉት «ቁምሳ» ይላል። ጠያቂው ይስቃል፣ ነገሩም ይገባዋል።

የእንግሊዝኛው ቃል ግን የተወለደው ከጥጋብ ነው። ጋይ ቤሪንገር የሚባል ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1895 «ሀንተርስ ዊክሊ» በተባለ የእንግሊዝ መጽሔት ላይ ለዚህ ምግብ ጥብቅና ቆመ። ቅዳሜ ሲጠጣ ያመሸ ሰው እሑድ በጠዋት ለቁርስ ለምን ይቀሰቀሳል? ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚቀርበው ከባድ የሥጋ ምሳስ ለምን ይጫነዋል? ቀትር አካባቢ በሻይና በማርማላታ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ጠንካራው ምግብ ቢያልፍ አይሻልም ወይ ነው ነገሩ። በዓመቱ «ፐንች» የተባለው የቀልድ መጽሔት ቃሉን አነሣና ሰዓቱ ለቁርስ ከቀረበ «ብራንች»፣ ለምሳ ከቀረበ «ብላንች» መባል አለበት ሲል ጻፈ። ብላንች በጨቅላነቱ ቀረ። እኛም ያንን ሥርዓት እንከተል ብንል ኖሮ ለምሳ የቀረበውን «ምርስ» ልንለው ነበር፤ ደግነቱ ማንም አላሰበው።

«የረፋድ ምግብ» ቢባልስ የሚሉ አሉ። ረፋድ ግሩም ቃል ነው። ነገር ግን የረፋድ ምግብ ሲባል ሰው የሚያስበው ቁርስና ምሳ መካከል የምትቀመስ ቁራሽ ነገርን ነው። ብራንች ሁለቱንም ማዕድ ይተካል። ያንን የሚናገረው ቁምሳ ብቻ ነው። ቃሉ የችግር ሽታ አለው ቢባል፣ አዎ አለው። በዛ ያለ ገንዘብ ሲወጣበት ግን ሽታው ቶሎ ይለቃል።

ክሬጊበርን ላይ ገንዘቡ በርግጥ ይወጣል። ክሬጊበርን በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት፣ ከሜልቦርን መሀል ከተማ በስተሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሂዩም ከተማ አስተዳደር ሥር ያለች ሰፈር ናት። የኤሌክትሪክ ባቡሩ የደረሰላት እ.ኤ.አ. በ2007፣ ትልቁ የገበያ ማዕከል ክሬጊበርን ሴንትራል የተከፈተላት ደግሞ በ2013 ነው። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ ከ65 ሺህ በላይ ሆኗል። ብዙው ሰው እዚህ የመጣው ቤት ለመግዛት ነው፤ ወደ መሀል ከተማ በተጠጋ ቁጥር ዋጋው አይቀመስማ። እዚህ ላይ የአውስትራሊያ ታዋቂ ክርክር ይገባል። በርናርድ ሶልት የተባለ የሥነ ሕዝብ ተንታኝ እ.ኤ.አ. በ2016 «ዚ ኦስትራሊያን» ጋዜጣ ላይ፣ ወጣቶች በ22 ዶላር አቮካዶ የተቀባ ዳቦ እየበሉ የቤት ቅድሚያ ክፍያ ከየት ያጠራቅማሉ ሲል በቀልድ ጻፈ። አገሩ ለወራት ተንጫጫ። የቤት ዋጋ በዳቦና በአቮካዶ እንደማይመለስ ሒሳብ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል፤ ሆኖም ክሬጊበርን ላይ ቁምሳ የሚበላው ባለ ቤት ዕዳ ቀልዱ የሚነካው ቦታ ላይ ይነካዋል።

የኛ ሰው እንጀራ ሲያምረው ባቡር ይዞ፣ ኖርዝ ሜልቦርን ላይ ቀይሮ ወደ ፉትስክሬይ ይወርዳል። የሀበሻ ምግብ ቤቱ፣ ቡናው፣ በርበሬው እዚያ ነው። ቁምሳ ግን የሰፈር ነገር ነው። የታጠበ መኪና፣ የተኛ ሕፃን፣ ካልሲ የሌለው እግር ይዞ የሚሄዱበት ቤት ነው፤ ጠዋት ካፌ፣ ቀን ምግብ ቤት፣ ማታ ባር የሚሆን። አዲስ አበባ ላይ ይህን ዓይነት ቤት «ግሮሰሪ» ልንለው ምንም አይቀረንም፤ እዚህ ግን ግሮሰሪ ብለው ቢጠይቁ ሩዝና ሽንኩርት የሚሸጥበትን ያሳዩዎታል።

ቀጠሮ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ወዳጅዎ «አሥራ አንድ ሰዓት እንገናኝ» ካለ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቱ ነው፤ በእኛ አምስት ሰዓት፣ እውነተኛው ረፋድ። ገና ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ ወደ ማታ የሚል መስሎት ከመጣ ቁምሳው ካበቃ በኋላ ይደርሳል፤ ብዙዎቹ ቤቶች የቁምሳ ትእዛዝ መቀበል የሚያቆሙት በፈረንጅ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

የሚቀርበው ምግብ ከአገር ቤቱ ብዙም አይርቅም። ሻክሹካ የሚሉት ቲማቲም ውስጥ የበሰለ እንቁላል ነው፤ ፉልና እንቁላል ስልስ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ከቅርፊቱ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የተቀቀለው እንቁላል ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ነጩ ረግቶ ቢጫው ፈሳሽ እንደሆነ ዳቦው ላይ ይቀመጣል፤ በቢላ ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ቢጫው ይፈስና ከሥሩ ያለውን አረንጓዴ አቮካዶ ያለብሰዋል። «ያልበሰለ አቀረቡልኝ» ብሎ የሚመልስ አባት በየቤቱ አይጠፋም። አቮካዶው ራሱ ለኛ ጭማቂ ነበር፤ በቪምቶና በሎሚ፣ በማንኪያ የሚጠጣ። ዳቦ ላይ መቀባት የአውስትራሊያ ልማድ እንዲሆን ስሙ የሚነሣው ቢል ግሬንጀር ነው፤ ሲድኒ ላይ ካፌውን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1993 ነበር።

ሒሳብ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ ባንኮኒው ላይ ነው። እሑድ ከሆነ ጭማሪ ሊታሰብ ይችላል። ፈረንጆቹ የየድርሻቸውን ካርድ ያስነካሉ። የኛ ሰው ግን «መጸዳጃ ቤት ደርሼ ልምጣ» ብሎ ይነሣና በዚያው ከፍሎ ይመለሳል፤ ከዚያ «ጋሼ፣ እንዲህማ አይደረግም» የሚለው ጭቅጭቅ ይጀመራል። አስተናጋጇ ለምን እንደሚጣሉ አይገባትም።

ከቁምሳው ጋር መጠጥም ይቀርባል፤ ይህን አገር ቤት ካለ ነገር ጋር ካዛመድነው የሚቀርበው ሰንበቴ ነው። ማኅበርተኛው እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ምንም ሳይቀምስ የቆመበትን ጠዋት በዳቦና በጠላ ይፈታል። ተረኛው ደግሶ ያመጣል፣ አሳላፊው ይቀዳል፣ ጨዋታው ይደራል። ከጸሎቱ በቀር ሰዓቱም፣ መብልና መጠጡ አብሮ መምጣቱም፣ ያለመቸኮሉም ያው ነው። ቤሪንገር አዲስ ነገር አመጣሁ ሲል በየደብሩ አጥር ሥር ስንት ማኅበር ቁምሳውን ይበላ ነበር!

ኮክቴልን አማርኛ አስቀድሞ ለምዶታል፤ «የኮክቴል ግብዣ» ሲባል ግን የሚታሰበው በቆሙበት የሚቀማመሱበት መስተንግዶ ነው። በባር ቋንቋ ኮክቴል መጠጡ ራሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1806 በአሜሪካ ሀድሰን ከተማ የወጣ ጋዜጣ አረቄ፣ ስኳር፣ ውሃና መራራ ቅመም የተቀላቀሉበት ሲል ተርጉሞታል። ትርጉሙን ለማስረዳት «ቅይጥ መጠጥ» ይበቃል። «ብርዝ» ያምር ነበር፤ ግን የማር ውሃ ቀድሞ ይዞታል። ለማዘዝ ኮክቴል ማለቱ ይሻላል። መቀየጡንም ከፈረንጅ አልተማርንም፤ ቢራ፣ ወይንና ስፕራይት በጆግ ተዋህደው ቱርቦ ሲባሉ አይተናል።

ለቁምሳ የሚመረጡት ቀለል ያሉት ናቸው። ሚሞሳ ሻምፓኝ መሰል ወይን በብርቱካን ጭማቂ ነው። ብለዲ ሜሪ ቮድካ በቲማቲም ጭማቂ፣ ቃጠሎ ተጨምሮበት፤ ሚጥሚጣ ለለመደ አያስደነግጥም። አፔሮል ስፕሪትዝ ደግሞ ዘመዳችን ነው፤ ጭማቂ ቤት «ስፕሪስ» ብለን ማንጎና ፓፓያ የምናነባብርበት ቃል ከዚያው ከጣልያኑ ስፕሪትዝ የመጣ ይመስላል። ኤስፕሬሶ ማርቲኒን ለንደን ላይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የቀመመው ዲክ ብራድሴል ነው፤ ቮድካ፣ የቡና ሊከርና ትኩስ ኤስፕሬሶ ከበረዶ ጋር ይመታሉ፣ አረፋው ላይ ሦስት የቡና ፍሬ ይቀመጣል። አረፋው ቢያምርም፣ ቡናን በበረዶ መምታት ለእናቶቻችን ልናስረዳው የምንችል ነገር አይመስለኝም።

በተወሰነ ዋጋ፣ ብዙ ጊዜ ለ90 ደቂቃ ወይም ለሁለት ሰዓት፣ ብርጭቆ በጎደለ ቁጥር የሚሞላበትም ቁምሳ አለ። እንግሊዝኛው «ታች የለሽ» ይለዋል፤ በአማርኛ «ብርጭቆው የማይጎድልበት ቁምሳ» ብንለው ይገባል። አይጎድልም ሲባል ግን ልክ አለው፤ በቪክቶሪያ ሕግ ለሰከረ ሰው አይቀዳም፣ ከ18 ዓመት በታች ላለም አይሸጥም። ግዛቱ በመጠጥ ላይ የቆየ ጥብቅነት አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ1916 እስከ 1966 ድረስ መጠጥ ቤቶች ከምሽቱ በፈረንጅ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጉ ነበር። በ1976 ደግሞ አሽከርካሪን በዘፈቀደ አስቁሞ ትንፋሽ መመርመርን ከሌሎቹ የአውስትራሊያ ግዛቶች ቀድሞ ጀመረ። ሙሉ መንጃ ፈቃድ ላለው በደም ውስጥ ያለው የአልኮል ወሰን 0.05 በመቶ ነው። ለጀማሪ አሽከርካሪና ለታክሲ ነጂ ግን ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ከቁምሳ በኋላ ሥራ የሚገባ ባለ ታክሲ የሚያዘው ማርቲኒ የሌለበትን ቡና ነው።