የጣሪያ ፋን መብራት ላይ ዲመር ማስገጠም፦ ፋኑን ሳናቃጥል

ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ ወይም ሰመራ ለሚኖር ሰው የጣሪያ ፋን ቅንጦት አይደለም። ብዙዎቹ ፋኖች ግን ከሥራቸው ሦስት አራት አምፖል ይዘው ስለሚመጡ፣ ማታ ነፋሱን ስትፈልጉ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። ለዚህ መፍትሔው ዲመር ነው፤ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ማብሪያ ማጥፊያ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር እወቁ፦ ዲመሩ የሚቆጣጠረው መብራቱን ብቻ ነው፤ ፋኑን በፍጹም!

ለምን? የመብራት ዲመር ኃይሉን የሚቀንሰው እየቆራረጠ ነው። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 100 ጊዜ ይቆርጠዋል። አምፖል ይህን ይችለዋል፣ የፋን ሞተር ግን አይችልም። ያጓራል፣ ይግላል፣ ሲቆይም ሊቃጠል ይችላል። የፋን ፍጥነት መቀየሪያው ሬጉሌተር ሌላ ዕቃ ነው፤ ከላይ የሚዞረው ቁልፍ ስለተመሳሰለ ብቻ አንዱን በሌላው እንዳትተኩ።

ስለዚህ መጀመሪያ ግድግዳውን እዩ። ሁለት ማብሪያ ኖሮ አንዱ ፋኑን፣ ሌላው መብራቱን ለብቻ የሚያበራ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ የመብራቱ ማብሪያ ወጥቶ ዲመሩ በቦታው ይገባል። አንዱ ማብሪያ ሁለቱንም የሚያበራ ከሆነ ግን ወደ ኮርኒሱ የወጣው ፌዝ አንድ ነው ማለት ነው። ያኔ ለመብራቱ ሌላ ሽቦ መሳብ ግድ ነው። ፋኑ በሪሞት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የግድግዳ ዲመሩን እርሱት፤ የተቆራረጠ ኃይል የሪሞቱን መቀበያ ያበላሸዋል።

አምፖሉም ወሳኝ ነው። ማንኛውም ኤልኢዲ ከዲመር ጋር አይሠራም፤ ካርቶኑ ላይ በዲመር እንደሚሠራ መጻፍ አለበት። አለዚያ ብልጭ ድርግም ይላል ወይም ሲር ይላል። ዲመሩ ላይ የተጻፈውን ትንሹን ዋትም እዩ። ትንሹ 40 ዋት ከሆነና የእናንተ አምፖሎች ሦስት ባለ 5 ዋት ከሆኑ፣ ድምሩ 15 ብቻ ነው፤ በደንብ አይሠራም። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ዲመርስ? እዚያ ያለው ኃይል 120 ቮልት ነው። ላዩ ላይ 220 ወይም 240 ቮልት የማይል ከሆነ እዚህ አትግጠሙት።

ግጠማውን ለኤሌክትሪሺያን ስጡት። ራሳችን እንሠራዋለን ካላችሁ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፦ ብሬከሩን አውርዱ፣ ከዚያ በቴስተር አረጋግጡ። በሽቦ ቀለም አትመኑ፤ ብዙ ቤት ውስጥ በተገኘው ቀለም ነው የተዘረጋው። "መብራት ጠፍቷል፣ አሁን ልሥራው" የሚባለውም አደገኛ ነው። እጃችሁ ሽቦው ላይ እያለ ሊመጣ ይችላል።

ተከራይ ከሆናችሁና አከራይ ግድግዳ አስነካም ካለ፣ በስልክ የሚታዘዝ ስማርት አምፖል አለ። ሶኬቱ ከፋኑ ጋር መግጠሙን አይታችሁ አሮጌውን ፈትታችሁ እሱን ታስገባላችሁ፤ ሽቦ የሚነካ የለም። እሱን ግን ከዲመር ጋር አታጣምሩት፤ ብርሃኑን የሚቀንሰው ራሱ ነው። ማብሪያውንም ሁሌ እንደበራ ተዉት፤ ከግድግዳው ካጠፋችሁት ስልኩ አምፖሉን አያገኘውም።